ለድግስ የሚሆኑ ትኩስ የጣሊያን ትንንሽ ሳንድዊቾች፦ ዳቦው ሳይርስ፣ ቺዙ ሳይደርቅ

እርስ በርሳቸው እንደተጣበቁ የተጋገሩ ትንንሽ ዳቦዎች ወገባቸው ተሰንጥቆ፣ በመሐላቸው በስሱ የተቆረጠ ሥጋና የሚቀልጥ ቺዝ ተደርድሮ፣ ከላይ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ቅቤ ተቀብቶ በትኩሱ የሚቀርበው ሳንድዊች ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በድሬዳዋ ቤቶች ለልደት፣ ለምርቃትና ለቀለበት ሲሞከር በተደጋጋሚ የሚበላሸው በ3 መንገድ ነው፦ የታችኛው ዳቦ ይርሳል፤ የላይኛው እያረረ መሐሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም እንግዳው አንዱን ሲያነሣ ሥጋው እንዳለ ተንሸራቶ ሰሃን ላይ ይወድቃል። የሦስቱም ምንጭ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ እርጥበት ያለው ነገር ያለቦታው ይገባል፣ ሰዓትም አይጠበቅም። እኔ ራሴ ለእኅቴ ልጅ ልደት 48 ሳንድዊች ከቀኑ 8 ሰዓት ጋግሬ፣ «እንዳይቀዘቅዝ» በማለት በፎይል ጠቅልዬ እስከ 11 ሰዓት አቆይቼው ነበር። ሲከፈት በማንኪያ እንጂ በእጅ የሚበላ አልሆነም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የአንዱ ደረጃ ስሕተት ወደሚቀጥለው እንዳይሻገር ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

አስቀድሞ የሚወሰን፦ የእንግዳው ቁጥርና የሥጋው ዓይነት

መጠኑ ለ2 ትሪ፣ ማለትም ለ24 ትንንሽ ሳንድዊቾች ነው። ሌላ ምግብ በሚቀርብበት ድግስ ለአንድ ሰው 2፣ ሳንድዊቹ ብቻውን ከሆነ ደግሞ 3 ወይም 4 ያስቡ። እንግዳ ሲበዛ ትሪ ይጨምሩ እንጂ በአንዱ ትሪ ላይ ዳቦ አያጨናንቁ።

በጣሊያንም ሆነ በአሜሪካ በሚኖሩ ጣሊያናውያን ዘንድ የዚህ ዓይነት ሳንድዊች ሥጋ በብዛት የአሳማ ነው። የቦሎኛ ከተማ ምግብ የሆነው ሞርታዴላም በመነሻው የሚሠራው ከአሳማ ሥጋና ስብ ነው። ስለዚህ «ሞርታዴላ» ወይም «ሳላሚ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ሥጋው ምንም አይነግርዎትም። የበሬ ወይም የዶሮ መሆኑ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አይግዙ፤ ሻጩ በቃሉ ቢያረጋግጥልዎትም እንኳ አይግዙ።

በድሬዳዋና በሐረር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በአንድ ግቢ ስለሚጋበዝ፣ የሥጋው አስተራረድ ከጣዕሙ በፊት የሚታሰብ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ትሪዎች ከመጀመሪያው ይለዩዋቸው። አንዱ በሙስሊም የታረደ ወይም ሐላል ተብሎ የታሸገ ሥጋ ይያዝ፤ ሌላው በክርስቲያን የታረደ ይሁን። ቢላዋው፣ መክተፊያውና የቅቤ መቀቢያ ብሩሹ ለየብቻ መሆን አለባቸው። ትሪዎቹ ከምድጃ ሲወጡ መልካቸው አንድ ስለሚሆን ምልክት ያስፈልጋቸዋል፤ በአንደኛው ላይ ሰሊጥ፣ በሌላው ላይ ጥቁር አዝሙድ መነስነስ ከማንኛውም ወረቀት የተሻለ ምልክት ነው፤ ምክንያቱም ሳንድዊቹ ከትሪው ተነሥቶ ወደ ሰሃን ቢዛወር እንኳ ምልክቱ አብሮት ይሄዳል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያስተናግዱት ልጆች ሁሉ አስቀድመው ይወቁ።

ሥጋ መለየቱ የሚያስቸግር ከሆነ ሁለቱንም ትሪ በቱና መሥራት ይቻላል። ቱናውን ከዘይቱ ወይም ከውኃው በወንፊት አጥልለው፣ በእጅዎ ጨምቀው፣ በማዮኔዝ ሳያጥለቀልቁ ይጠቀሙበት። ረቡዕና ዓርብ ወይም በአጽዋማት ወቅት ለሚደረግ ድግስ የሚሆነው ትሪ ደግሞ አሠራሩ ስለሚለይ በ5ኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ ተገልጿል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለዳቦው፦ 600 ግራም ፊኖ ዱቄት፣ 330 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 እንቁላል፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 10 ግራም ጨው እና ደረቅ እርሾ። የእርሾው መጠን እንደ አየሩ ይለያያል፤ በድሬዳዋ ሙቀት 5 ግራም፣ በሐረር 7 ግራም ይበቃል። ዳቦው ከመጋገሩ በፊት ለሚቀባው 1 ተጨማሪ እንቁላል ይያዙ።

ለመሐሉ፦ በስሱ የተቆረጠ 750 ግራም ሥጋ (ሞርታዴላና ሳላሚ ቀላቅለው፣ ወይም በ2ኛው ደረጃ የተገለጸውን የቤት ሥጋ)፣ 450 ግራም ቺዝ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ 6 ቃሪያ፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ።

ለላዩ፦ 80 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሪጋኖ፣ ሰሊጥና ጥቁር አዝሙድ።

ስለ ቺዙ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ሲሞቅ የሚቀልጥ ነው፤ ፕሮቮሎኔ ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ ደረቁ ሞዛሬላ ወይም ጉዳ። በውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሸጠው ለስላሳ ሞዛሬላ ውኃውን በምድጃ ውስጥ ስለሚለቅ አይሆንም። የቤታችን አይብም አይሆንም፤ አሬራው በሙቀት ረግቶ የተሠራ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢሞቅ አይቀልጥም፣ ይልቁንም አጓቱን እየለቀቀ ይፈረፈራል። በላዩ ላይ የሚቀባው ቅቤም ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ባይሆን እመርጣለሁ፤ የኮረሪማው ሽታ ኦሪጋኖውን ውጦ ሳንድዊቹን ወደ ሌላ ምግብ ይለውጠዋል።

ከዕቃ በኩል ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጎኑ ከፍ ያለ 2 ትሪ፣ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋ፣ ፎይል፣ ብሩሽ፣ ወንፊትና ሚዛን ያዘጋጁ። ሚዛን ከሌለዎት ዳቦው ላይ ይቸገራሉ፤ ሌላው በዓይን ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ ቃሪያውንና ሽንኩርቱን በአቼቶ መዘፍዘፍ (ከአንድ ቀን በፊት)

1. ከቀፊራ ወይም ከሸዋ በር ገበያ የሚገዙት ቃሪያ ጠንካራና ቆዳው ያልተጨማደደ ይሁን። ፍሬውን አውጥተው በቀጭን ቀለበት ይቁረጡት፤ ቀይ ሽንኩርቱንም እንዲሁ።
2. አቼቶውን ከተመሳሳይ መጠን ውኃ፣ ከ1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ከ1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር አፍልተው ያፍስሱበት።
3. ሲቀዘቅዝ ከድነው በማቀዝቀዣ ያሳድሩት።
4. በማግስቱ በወንፊት አጥልለው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እስኪበቃው ይጭመቁት።

አራተኛውን ተራ አይዝለሉት። ያልተጨመቀ ቃሪያ የሚሸከመው አቼቶ ብቻውን የአንድን ትሪ ታችኛ ዳቦ ለማራስ ይበቃል። ጥሬ ቲማቲምም በምንም መልኩ ወደ ምድጃ አይግባ፤ የሚወድ ሰው ካለ ተቆርጦ ከጎን ይቅረብለት።

ደረጃ 2፦ ሥጋው

የታሸገ ሥጋ ከገዙ በማሽን በጣም በስሱ እንዲቆረጥልዎ ይጠይቁ፤ በቤት ቢላዋ የሚቆረጥ ሞርታዴላ ሁልጊዜ ይወፍራል። ወፍራም ሥጋ በጥርስ አይቆረጥም፤ እንግዳው ሲስበው ሁሉም ተያይዞ ይወጣል። ቤት እንደደረሱ በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት፤ ከማቀዝቀዣ የሚያወጡትም ሊደረድሩት ሲሉ ብቻ ነው።

የታሸገው ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተመቸዎት ከበሬ ሥጋ በቤት መሥራት ይቻላል፤ ለእኔ እንዲያውም ከብዙው የታሸገ ሥጋ ይህ ይበልጥብኛል። ሥራው ግን ከ2 ቀን በፊት መጀመር አለበት።

1. ከጭን ወገን 1.2 ኪሎ ግራም ቀይ ሥጋ ሳይቆራረጥ ይግዙ። ሲበስል ወደ 750 ወይም 800 ግራም ስለሚወርድ ከዚህ ያነሰ አይበቃም።
2. በ18 ግራም ጨው፣ በ2 የሻይ ማንኪያ በተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ በ4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና በ1 የሻይ ማንኪያ የእንስላል ዘር በደንብ አሽተው ለጥቂት ሰዓታት በማቀዝቀዣ ያቆዩት። የጣሊያን ሳላሚን የሚያስታውሰውን ሽታ የሚሰጠው እንስላሉ ነው።
3. በጥቂት ዘይት ሁሉንም ጎኑን አጥቁረው፣ 1 ብርጭቆ ውኃና 1 ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጨምረው፣ ድስቱን ገጥመው በዝግታ ያብስሉት። ውኃ በድሬዳዋ 96፣ በሐረር ደግሞ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ቢላዋ ሲወጉት ሳይታገል ከገባ፣ ነገር ግን ሥጋው ካልተበታተነ በቅቷል።
4. ሲበርድ በፎይል አጥብቀው ጠቅልለው፣ ከላዩ ከባድ ነገር ጭነው በማቀዝቀዣ ያሳድሩት።
5. ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ የሥጋውን ጭረት አቋርጠው በተቻለ መጠን በስሱ ይቁረጡት።

ሥጋው ሲቆረጥ ከተፈረፈረ ከመጠን በላይ በስሏል ማለት ነው፤ አይጣሉት። በእጅዎ በታትነው ከ2 ማንኪያ ማዮኔዝ ጋር ለውሰው ይጠቀሙበት፤ መልኩ ይለወጣል እንጂ ጣዕሙ አይጎዳም። ጭረቱን ተከትለው ከቆረጡት ግን መፍትሔ የለውም፤ ጎማ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ዳቦው (ከአንድ ቀን በፊት)

የሚያምኑት ዳቦ ቤት ካለዎት በአንድ ትሪ 12 ሆነው፣ ተጠጋግተው እንዲጋገሩ ማዘዝ ይችላሉ። ተራውን የፉርኖ ዳቦ ግን ለዚህ አይጠቀሙበት፤ ቅርፊቱ ደረቅ ስለሆነ ሲነከስ መሐሉን ወደ ጎን ይገፋዋል። ዳቦውን በቤት ለሚጋግሩ፦

1. ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ እርሾውንና ጨውን ቀላቅለው ወተቱንና እንቁላሉን ይጨምሩ። በድሬዳዋ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ወተቱ በቀጥታ ከማቀዝቀዣ የወጣ ቀዝቃዛ ይሁን። «እርሾ ሙቅ ይወዳል» የሚለው ምክር ለደጋ የተነገረ ነው፤ እዚህ ሙቀቱ ከወጥ ቤቱ አየር ስለሚመጣ ሊጡ ሳይበስል ቀድሞ ይኮመጥጣል።
2. ለስላሳውን ቅቤ በመጨረሻ ጨምረው ለ10 ደቂቃ ያሹት። ሊጡ መጀመሪያ ላይ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት እየጨመሩ አያድርቁት፤ ከ6 ወይም ከ7 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይለቃል።
3. ከድነው እጥፍ እስኪሆን ይተዉት። በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ 40 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነችው ሐረር ግን 1 ሰዓት ከሩብ ሊወስድ ይችላል። ዓይንዎ ከሰዓቱ ይልቅ ሊጡ ላይ ይሁን።
4. 24 ቦታ፣ እያንዳንዱን 45 ግራም አድርገው ያድበልብሉት። ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ 3 በ4 አድርገው፣ በመካከላቸው የጣት ስፋት ትተው ይደርድሩ።
5. ኩፍ ብለው እስኪነካኩ ጠብቀው፣ በጣትዎ ሲጫኗቸው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ እንቁላል ቀብተው በ180 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይጋግሩ።

ጉድጓዱ ጨርሶ ካልተመለሰ ሊጡ ከልክ በላይ ኩፍ ብሏል። አውጥተው፣ አየሩን ተጭነው አስወጥተው፣ እንደገና አድበልብለው ይደርድሩት፤ ሁለተኛው ጊዜ ፈጥኖ ስለሚነሣ ከአጠገቡ አይራቁ።

ዳቦው ፈጽሞ እስኪበርድ ድረስ በጨርቅ ብቻ ይሸፍኑት። በትኩሱ በፕላስቲክ የገባ ዳቦ የራሱን እንፋሎት ጠጥቶ ያድራል፤ ያ ውኃ በማግስቱ ምንም ቢያደርጉ አይወጣም። ከበረደ በኋላ ግን እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ይግባ። ዳቦው በተጋገረበት ቀን አይሰንጠቅ፤ ትኩስ ዳቦ በቢላዋ ስር ይላቁጣል።

ደረጃ 4፦ መሰንጠቅና ፊቱን ማድረቅ

12ቱን ዳቦ ሳይነጣጥሉ እንዳለ ከትሪው አውጥተው በመክተፊያ ላይ ያስቀምጡ። በግራ እጅዎ መዳፍ ከላይ በስሱ ተጭነው፣ ቢላዋውን ከጠባቡ ጎን አስገብተው፣ ሳይጫኑ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ይሰንጥቁ። የታችኛው ክፍል ከላይኛው ጥቂት ወፈር ማለት አለበት፤ ሸክሙ ያለው እሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱንም ክፍል የተሰነጠቀው ፊት ወደ ላይ ሆኖ በ180 ዲግሪ ምድጃ ለ4 ወይም ለ5 ደቂቃ ያስገቡ። ፊቱ ሲነካ ደረቅ እስኪል ብቻ እንጂ እስኪጠይም አይጠብቁ። ይህ ትንሽ ሥራ በአብዛኞቹ አሠራሮች ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ዳቦው መርሶ ለሚያስቸግረው ሰው ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ይኸው ነው፤ የደረቀው ፊት ስቡንና እንፋሎቱን ቶሎ አያስገባም።

ሲሰነጠቅ አንዱ ዳቦ ከሌሎቹ ቢለይ አይጨነቁ፤ ቦታው መልሰው ያስገቡት፤ ቺዙ ሲቀልጥ ያያይዘዋል።

ደረጃ 5፦ መደርደር

ቅደም ተከተሉ ዘበት አይደለም፤ ቺዙ በሥጋውና በዳቦው መካከል ግድግዳ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። የሚከተለው መጠን ለአንድ ትሪ ነው።

1. የታችኛውን ክፍል ቅቤ ወደተቀባው ትሪ ይመልሱ።
2. 115 ግራም ያህል ቺዝ ዳቦው እንዳይታይ አድርገው ይዘርጉበት። በታችኛው ዳቦ ላይ ማዮኔዝም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባም።
3. 375 ግራም ሥጋ ይደርድሩ። አንሶላ እንደማንጠፍ በልሙጡ አያንጥፉት፤ እያንዳንዱን ስስ ቁራጭ እንደ መሐረብ አጠፍ አጠፍ አድርገው፣ በያንዳንዱ ዳቦ ልክ ለየብቻ ያስቀምጡ። እንዲህ የታጠፈ ሥጋ በጥርስ ይቆረጣል፤ ሲነሣም የጎረቤቱን ጎትቶ አይወጣም።
4. የተጨመቀውን ቃሪያና ሽንኩርት ሥጋው ላይ ይበትኑ። ልጆች የሚበሉበት ወገን ካለ ያንን ረድፍ ይተዉት።
5. በቀሪው 110 ግራም ቺዝ ይሸፍኑት።
6. የላይኛውን ዳቦ ፊት በሰናፍጭና ማዮኔዝ ድብልቅ በስሱ ቀብተው ይግጠሙት፤ በመዳፍዎም ቀስ ብለው ይጫኑት።

የወይራ ዘይትና አቼቶ እንደ ቀዝቃዛው የጣሊያን ሳንድዊች አይፈስበትም። ከተፈለገ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ከጎን ይቅረብ።

እስከዚህ ድረስ የተደረደረ ትሪ በፎይል ተሸፍኖ በማቀዝቀዣ 4 ሰዓት መቆየት ይችላል። ሌሊቱን ማሳደር ከፈለጉ ቃሪያውን በ4ኛው ተራ አይጨምሩ፤ ከመጋገሩ በፊት የላይኛውን ከፍተው ይጨምሩት።

የጾም ትሪ፦ ዳቦው በ300 ግራም ዱቄት፣ በ170 ሚሊ ሊትር ውኃና በ30 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ይቦካል፤ ስኳሩ፣ ጨውና እርሾው የዋናው መጠን ግማሽ ነው። በቺዙ ፈንታ የሚያጣብቀው ተቀቅሎ የተፈጨ፣ በሰሊጥና በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ ወፍራም ሽምብራ ነው፤ ታችም ላይም ይቀባል። በመሐሉ ዝኩኒና የፈረንጅ ቃሪያ በስሱ ተቆርጠው፣ ጨው ተነስንሶባቸው ግማሽ ሰዓት ከቆዩና ውኃቸውን ካወጡ በኋላ በደረቅ መጥበሻ ተጠብሰው ይገባሉ። በላዩ የሚቀባው ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ነው። ይህኛው ትሪ የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ ቅቤ የነካ ብሩሽ ድካምዎን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ደረጃ 6፦ መጋገር

ምድጃውን ወደ 175 ዲግሪ አድርገው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያሙቁ። ቅቤውን ከተቀጠቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ከኦሪጋኖው ጋር በዝግተኛ እሳት አቅልጡ፤ ሽንኩርቱ እንዳይጠቁር ተጠንቀቁ፣ ይመራል። ከቅቤው ግማሹን ብቻ በሁለቱ ትሪዎች ዳቦ ላይ ቀብተው፣ ሰሊጡን ወይም ጥቁር አዝሙዱን ነስንሰው፣ ከስር ዘይት በተቀባ ፎይል ያለ ክፍተት ይሸፍኑ።

1. በተሸፈነበት ለ20 ደቂቃ ይጋግሩ። ከማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ ከሆነ 25 ደቂቃ ይስጡት።
2. ፎይሉን አንሥተው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ላዩ ጠየም ሲል ይበቃል።
3. በመሐል ባለው ዳቦ ውስጥ ቢላዋ ሰክተው 5 ሴኮንድ አቆይተው ያውጡት። ስለቱ ሲነካ የሚያቃጥል ካልሆነ መሐሉ አልሞቀም። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪ ሴልሺየስን ይጠብቅ።
4. እንደወጣ ቀሪውን ቅቤ ይቀቡት።

ላዩ ጠይሞ መሐሉ ከቀዘቀዘ ፎይሉን መልሰው ሙቀቱን ወደ 150 ዲግሪ ያውርዱና 10 ደቂቃ ይጨምሩ። ሙቀቱን መጨመር ላዩን ከማሳረር በቀር ምንም አይረዳም። ሁለት ትሪ በአንድ ጊዜ ከገባ ደግሞ በግማሹ ሰዓት የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ያዛውሩ።

መብራት ከጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው፤ የምድጃውን በር አይክፈቱ። የሞቀ ምድጃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከተመለሰ ሥራው ይቀጥላል። ካልተመለሰ ትሪውን ወደ ከሰል ያዛውሩ፤ አሠራሩ ከድፎ ዳቦ የተለየ አይደለም፤ እሳቱ ከላይም ከታችም ይሆናል። ሰፊ ብረት ድስት በፈርኔሎ ላይ አሙቀው፣ ከታች 3 እኩል ድንጋይ ወይም የብረት ቀለበት አስገብተው፣ ትሪውን በእነሱ ላይ ያሳርፉ። ድስቱን በጠፍጣፋ ብረት ገጥመው ጥቂት ፍም በላዩ ያድርጉ። የታችኛው ፍም ከላይኛው ያንሳል፤ ዳቦው ከስር ቶሎ ያራልና። ይህ ሥራ በተዘጋ ወጥ ቤት አይሠራም፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ ፈርኔሎው ደጅ ይውጣ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ያለው ሰውም አይቀርበትም። ምጣዱን አሙቆ ያጥፋው፤ ትሪውን በቀለበት ላይ ከፍ አድርጎ በፎይል እንደተሸፈነ ያስቀምጠው፤ ክዳኑን ይግጠም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ለ3 ደቂቃ አብርቶ እንደገና ያጥፋ፤ ቺዙ እስኪቀልጥ እንዲሁ ያፈራርቅ። በዚህ መንገድ የተሠራው ላዩ አይጠይምም፤ ጣዕሙ ግን ሙሉ ነው።

ደረጃ 7፦ መቁረጥ፣ ማጓጓዝና ማቅረብ

ከምድጃ እንደወጣ 5 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ወዲያው የተቆረጠ ሳንድዊች ቺዙ በቢላዋው ተጎትቶ ይወጣል። ከዚያ በዳቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ቢላዋውን ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ አውርደው ይቁረጡ። መሸፈን ካለበት በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይሸፈን፤ ፎይል እንፋሎቱን መልሶ ዳቦው ላይ ያንጠባጥባል።

ሰዓቱን ከእንግዳው መግቢያ ሳይሆን ከሚበላበት ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ምግቡ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚቀርብ ከሆነ ምድጃው 12 ሰዓት ላይ ይለኮስ፣ ትሪው 12 ሰዓት ከ20 ይግባ። «እንግዳ ሊመጣ ነው» ተብሎ 11 ሰዓት ላይ የተጋገረ ትሪ፣ የእኛ ሰው ለድግስ የሚመጣበትን ሰዓት እያወቁ ራስን ማታለል ነው። ትሪዎቹን ባንድ ጊዜ አይጋግሩ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ተበልቶ ሊያልቅ ሲል ይግባ።

ድግሱ ሐረር ሆኖ የሚያዘጋጁት ድሬዳዋ ከሆነ ጋግረው አይሂዱ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደንገጎ ዳገትም አለበት፤ ሐረር ሲደርሱ ትሪው ቀዝቅዞ ዳቦው ላብ ጠጥቷል። ሳይጋገር ተደርድሮ፣ ከበረዶ ጋር በማቀዝቀዣ ሣጥን ገብቶ ይሂድ፤ ቅቤውም በሐረሩ ቤት ይቀባ።

የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን የተጋገረ ሳንድዊች በጠረጴዛ ላይ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከዚያ በታች በሆነ አየር 2 ሰዓት ይፈቀድለታል። ከዚህ ያለፈውን «ያሳዝናል» ብለው ለማግስቱ አያስቀምጡት። በሰዓቱ ወደ ማቀዝቀዣ የገባው ግን በማግስቱ በደረቅ መጥበሻ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ክዳን ተገጥሞበት ለ8 ደቂቃ ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ በአራተኛው ደቂቃ ይገልበጥ፣ ለመጨረሻው 2 ደቂቃ ደግሞ ክዳኑ ይነሣ።